ለአነስተኛ ንግድ ርካሽ ኮምፒውተር ስንመርጥ

በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ሻይና ቡና የሚሸጥ ነጋዴ ሽያጩንና ዱቤውን የሚመዘግብበት ኮምፒውተር ምረጡልኝ ቢላችሁ፣ ምን ትመልሳላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2012 ራስፕቤሪ ፓይ በ35 ዶላር ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር በርካሽ ይገኛል፤ ፍጥነቱም ለዚህ ሥራ ይበቃል። ምርጫውን የሚወስኑት ሌሎች ሦስት ጥያቄዎች ናቸው።

አንደኛው ኃይል ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ ስክሪኑን ሳይጨምር 5 ዋት የሚወስደውን ሰሌዳ 8 ሰዓት ያህል ያሠራዋል፤ 100 ዋት የሚወስደውን የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አያቆየውም። ባትሪ ከሌለ፣ መረጃ በሚጻፍበት ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጋምቤላ ቆላ ነው፤ ፓይ 4 ደግሞ ፕሮሰሰሩ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ፍጥነቱን ራሱ መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ ሙቀት የሚያስወጣ የብረት መያዣ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ፓይ 4ና የቀደሙት ሞዴሎች ኃይል ሲቋረጥ ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት የላቸውም፤ ኔትወርክ በሌለበት ሲነሡ የተሳሳተ ቀን ይመዘግባሉ። ፓይ 5 ሰዓቱ አለው፤ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል።

እንግዲህ የሰሌዳውን ዋጋ ከባትሪው፣ ከመያዣውና ከሰዓቱ ጋር ደምራችሁ አስሉ። ኮምፒውተሩ ጥቂት ቢዘገይ ደንበኛ ይታገሣል፤ የዱቤ መዝገቡ ከጠፋ ግን ነጋዴው ገንዘቡን የሚጠይቅበት ማስረጃ አይኖረውም።