«ምን ዋጋ አለው?» ሲደጋገም



ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ አካባቢ የሠራ ሐኪም ቶሎ የሚለምደው ነገር አለ። «እንዴት ነዎት እናቴ?» ስል «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። ደኅና ከሆኑማ ያን ሁሉ ዳገት ምን አስወጣዎት? ሕመሙ የሚነገረኝ ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ነው።

ይህን ተስፋ አልንቀውም። ዝናብ ሲያጥር አዝመራ የሚቀርበት አገር ነው፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ካቀፋቸው ወረዳዎች ውስጥ ናቸው። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» የማይል ሰው እዚያ በሚቀጥለው ክረምት በሬ አይጠምድም።

እኔን የሚያሳስበኝ «አታሟርት» የምትለዋ ናት። አንድ አባት በራስ ምታትና በእንቅልፍ ማጣት መጡ። ምርመራው ምንም አላሳየም። ባለቤታቸው «ድሮ ጨዋታ ወዳድ ነበር። አሁን ለሁሉም ‹ምን ዋጋ አለው› ነው መልሱ። ‹አታሟርትብን› ስለው ጭራሽ ዝም አለ» አሉኝ። ለብቻቸው ሳናግራቸው «ሰው ሲነጋለት ደስ ይለዋል፤ እኔ ሲነጋ ነው የሚጨልምብኝ» አሉ። ይህቺ ንግግር ከላቦራቶሪው ሁሉ በለጠችብኝ።

አንድ ቀን «ምን ዋጋ አለው» ማለት ብሶት ነው፤ ሁላችንም እንላለን። ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ደረጃ ስሜቱ ከወደቀ ወይም የሚወደው ነገር ካስጠላው፣ በዚያ ላይ እንቅልፉ፣ ምግቡና ጉልበቱ ከተዛባ ግን ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። ይታከማል። መድኃኒቱ ለውጥ ማሳየት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ኪኒኑን ግን አያቋርጥ።

እናንተ ከተማ ያላችሁ፣ አገር ቤት ስትደውሉ «ደኅና ነን» ብቻ ሰምታችሁ ስልኩን አትዝጉ። እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብ ይበላል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ካለ ደግሞ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተው፤ የተባይ መድኃኒትና ገመድ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

እኚያ አባት በ6ኛው ሳምንት ተመለሱ። «እንዴት ሰነበቱ?» አልኳቸው።

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ዞር ብዬ ባለቤታቸውን አየኋቸው። «የአሁኑስ እውነቱን ነው» ብለው ሳቁ።