ተመስጦ፦ ልብን ከገበያ ወደ ቤተ መቅደስ መመለስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚነግረን በዓርብ ገበያዋ የታወቀች ናት። ዓርብ ደግሞ ለእኛ ለክርስቲያኖች መድኃኔዓለም ስለ እኛ የተሰቀለበት፣ እኛም የምንጾምበት ዕለት ነው። ስለዚህ ጾመኛው ገበሬ እህሉን በአህያ ጭኖ፣ እናትም ቅቤዋንና እንቁላሏን ይዛ ወደ ገበያ ሲወርዱ ጾምና ንግድ፣ ጸሎትና ጫጫታ በአንድ ቀን ይገናኛሉ። በዚሁ በጋይንት ምድር ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙር አምባና የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም ይገኛሉ። ገበያውና የዝማሬው ጉባኤ ጎረቤቶች ናቸው።

ይህ ጉርብትና ለብዙዎቻችን አንድ ጥያቄ ያነሣል። በገበያው መካከል የሚኖር፣ ልጆች የሚያሳድግ፣ ዕዳ ያለበት፣ ስለ ነገ የሚጨነቅ ክርስቲያን በተመስጦ መጸለይ ይችላልን? ወይስ ተመስጦ በገዳም ለሚኖሩት ብቻ የተሰጠ ነው?

ተመስጦ ምን ማለት ነው?

ቃሉ «መሠጠ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን መነጠቅ ማለት ነው። የጸሎተኛው ልቡና በዙሪያው ካለው ነገር ተነጥቆ በእግዚአብሔር ፍቅር ሲያዝ ተመስጦ ይባላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 እንደምናነበው ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሳለ በስድስት ሰዓት ሊጸልይ ወደ ሰገነት ወጣ፤ ተርቦም ነበር፤ በዚያ ተመስጦ መጣበት።

በዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ሐዋርያው ወደ ሰገነት የወጣው ራእይ ፍለጋ ሳይሆን የቀትርን ጸሎት ለማድረስ ነው። ተመስጦው የመጣው የዘወትር ሰዓቱን በጠበቀበት ስፍራ ነው። ሁለተኛ፣ ረኀቡ አልቀረለትም፤ ሥጋ ለባሽ ሆኖ፣ ምግቡ እስኪዘጋጅለት እየጠበቀ ጸለየ። ሦስተኛ፣ ያየው ራእይ በሰገነቱ ላይ እንዲቀመጥ አላደረገውም፤ ከዚያ በፊት ሊገባበት ወደማይደፍረው ወደ አሕዛባዊው ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ላከው እንጂ። እውነተኛ ተመስጦ በትጋት ይጀምራል፣ በፍቅርም ይፈጸማል።

የቅዱስ ያሬድ እግርና የንጉሡ ጦር

ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ለተመስጦ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ምሳሌ ቅዱስ ያሬድ ነው። በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን በአክሱም ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተማርኮ ሳያውቀው ጦሩን በሊቁ እግር ላይ ተከለ። ደም ፈሰሰ፤ ሆኖም ዘማሪውም ንጉሡም ማኅሌቱ እስኪፈጸም ድረስ አላወቁም። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ሥዕሉንም በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ አይተነዋል።

ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከመምህሩ ሸሽቶ በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ተማሪ ነበር። በዚያም አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስትሞክር፣ ስትወድቅ፣ እንደገናም ስትሞክር አየ። ከብዙ ውድቀት በኋላ በሰባተኛው ሙከራዋ ከዛፉ ጫፍ ደረሰች። እርሱም ከእርሷ ተምሮ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ትሏን ያላየ ያሬድ ጦሩን ወደመርሳት አይደርስም ነበር። እኛ ግን የትሏን መንገድ ትተን ከጦሩ ታሪክ ለመጀመር እንፈልጋለን፤ ከዚህም የተነሣ ፈጥነን ተስፋ እንቆርጣለን።

መሰላሉ፦ ሦስቱ ንጽሕናና ዐሥሩ መዓርጋት

ሊቃውንቶቻችን መንፈሳዊ ዕድገትን በመሰላል ይመስሉታል። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ በአንድነት መጻሕፍተ መነኮሳት ተብለው ይጠራሉ፤ በአብነት ትምህርት ቤትም ራሱን የቻለ የትርጓሜ ጉባኤ አላቸው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ባለቤት ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሹሞ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሓ የሄደ አባት ነው። በመምህራኑ ትምህርት መሠረት መሰላሉ በሦስት ይከፈላል።

በመጀመሪያ የወጣንያን ማለትም የጀማሪዎች ክፍል ንጽሐ ሥጋ ይባላል፤ በሥሩ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ ይገኛሉ። ሁለተኛው የማዕከላውያን ክፍል ንጽሐ ነፍስ ሲሆን አንብዕ፣ ኩነኔ፣ ፍቅርና ሑሰት የተባሉትን አራት መዓርጋት ይይዛል። ሦስተኛው የፍጹማን ክፍል ንጽሐ ልቡና ነው፤ በእርሱም ንጻሬ መላእክት፣ ተሰጥሞና ከዊነ እሳት አሉ። የመጨረሻው ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ ተብሎም ይጠራል። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ልበ ንጹሓን እግዚአብሔርን እንደሚያዩት ያስተማረው ትምህርት (ማቴ. 5፥8) በዚህ ይፈጸማል።

ላይኞቹን መዓርጋት የደረሱባቸው ይናገሩላቸው። ለእኛ ለጀማሪዎች የሚያስፈልጉን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ናቸው።

ጽማዌ ዝምታ ነው፤ የአንደበት ብቻ ሳይሆን የዓይንና የጆሮም ዝምታ። ቀኑን ሙሉ ወሬ ስንለቅም ውለን ማታ በጸሎት ስንቆም ልባችን ያንኑ ወሬ መልሶ ያሰማናል። ዛሬ በእጅ ስልካችን ምክንያት ገበያው ዓርብ ብቻ የሚቆም መሆኑ ቀርቷል፤ በመኝታችን ላይም ሳይቀር ይቆማል። ስለዚህ ጽማዌ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ያስፈልገናል።

ልባዌ ማስተዋል ነው። አንደበት የሚለውን ልብ ሲከተለው፣ «አቡነ ዘበሰማያት» ስንል አባትነቱንና ልጅነታችንን ስናስብ ልባዌ ይጀምራል። ቅዱስ ጳውሎስም በመንፈስም በአእምሮም እንደሚጸልይ ጽፎልናል (1ኛ ቆሮ. 14፥15)።

ጣዕመ ዝማሬ ደግሞ ያስተዋሉትን ምስጋና መቅመስ ነው። ጸሎት ግዴታ መሆኑ ቀርቶ ናፍቆት ይሆናል፤ ጸሎተኛውም እስኪጨርስ አይቸኩልም።

የዙር አምባ ትምህርት ለእኛ

ቅዱስ ያሬድ ከአቡነ አረጋዊና ከአፄ ገብረ መስቀል ጋር ወደ ጋይንት መጥቶ ዝማሬን በዙር አምባ እንደ ደረሰ የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይናገራል። ዝማሬ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴትና ምሥጢር ተብሎ በአምስት ይከፈላል። ስሞቹ ብቻ እንኳ የዜማውን ቦታ ያመለክታሉ፤ ዝማሬ በቅዱስ ቁርባን ዙሪያ የሚዜም ምስጋና ነው። መዋሥዕት ደግሞ ለሙታን የሚደርስ ነው። በአንድ ጉባኤ የሕይወት ኅብስትና የሞት መታሰቢያ አብረው ይጠናሉ ማለት ነው። የልባችንን ጫጫታ ጸጥ ለማሰኘት ከእነዚህ ከሁለቱ የበለጠ ኃይል ያለው ምን አለ?

ተማሪው በቁራሽ እየኖረ፣ በጎጆው ተጠልሎ፣ ሌሊት በጨለማ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ዜማውን በቃሉ ያጠናል። አንዱን ቀለም ደጋግሞ፣ ወድቆና ተነሥቶ ይዘልቀዋል። ይህ ሁሉ ድካም ግን ለድምፅ ማማር ብቻ ከዋለ ከጣዕመ ዝማሬ አይደርስም። በዚህ ነገር ከማንም አስቀድመን ራሳችንን ልንወቅስ ይገባናል። እኛ ዲያቆናት በመቅደስ ቆመን አንደበታችን ሲያዜም ልባችን ከገበያ የሚውልበት ቀን አለ፤ የሕዝቡን አድናቆት እየቆጠርን የምንዘምርበት ጊዜም አለ። ዜማን ያላወቀች፣ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ከዛፍ ሥር ተንበርክካ በዝምታ የምታለቅስ አንዲት እናት በዚያች ሰዓት ከእኛ ትበልጣለች።

በገበያ መካከል እንዴት እንጸልይ?

አንደኛ፣ ሰዓት እንወስን። ቤተ ክርስቲያናችን ነግህን፣ ሠለስትን፣ ቀትርን፣ ተሰዓትን፣ ሠርክን፣ ንዋምንና መንፈቀ ሌሊትን የጸሎት ጊዜያት አድርጋ ሰጥታናለች። ሰባቱን መጠበቅ ያልቻለ በነግህና በንዋም ይጀምር። ትንሽ ሆኖ የማይቋረጥ ጸሎት ብዙ ሆኖ ከሚቋረጥ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ከጸሎቱ በፊት ጥቂት ዝም እንበል። ስልካችንን አርቀን፣ በማን ፊት እንደቆምን አስበን፣ ከዚያ እናማትብ። ጌታችን ወደ እልፍኝህ ግባ፣ በርህንም ዝጋ ሲል ያዘዘን (ማቴ. 6፥6) የቤታችንን በር ብቻ እንድንዘጋ አይደለም።

ሦስተኛ፣ መዝሙረ ዳዊትን በዕለት በዕለቱ እናድርስ። የዓርብ ድርሻ ከ111 እስከ 130 ያለው ነው። ከ119 ጀምሮ ያሉት የመዓርግ መዝሙሮች፣ ማለትም ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ተጓዦች መዝሙሮች፣ ዓርብ ተጀምረው ቅዳሜ ይቀጥላሉ። ዓርብ ገበያ የሚወርድ ሰው በዚያው ቀን የመውጫውን መሰላል ይጀምራል ማለት ነው። ሁሉንም ማድረስ ያልቻለ አንዱን መዝሙር በማስተዋል ያድርስ፤ ልቡ ከተነካበት ቃል ላይም አይቸኩል፤ ይቁም።

አራተኛ፣ በመንገድና በሥራ ላይ አጭር ጸሎት እንያዝ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ለማለት መጽሐፍ መግለጥ አያሻም። በመቁጠሪያ የምንቆጥረው ይህ ልመና በእርሻ፣ በወፍጮ ቤት፣ በአውቶቡስም ውስጥ ይቻላል። ሐዋርያው ሳናቋርጥ እንድንጸልይ ያዘዘን (1ኛ ተሰ. 5፥17) ሥራችንን እንድንተው ሳይሆን ሥራችን ከጸሎት እንዳይለየን ነው።

አምስተኛ፣ ከንስሓ አባታችን ጋር እንመካከር፤ ንስሓ ገብተንም ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን እንቀበል። ዝማሬ በቁርባን ዙሪያ እንደሚዜም ሁሉ የግል ጸሎታችንም ከቅዱስ ቁርባን ተለይቶ አያድግም።

ልንጠነቀቀው የሚገባ

በዘመናችን ራእይ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚሉ በዝተዋል፤ ይህን ፍለጋ ከቦታ ቦታ የሚንከራተቱ ምእመናንም ጥቂቶች አይደሉም። ሰይጣን የብርሃን መልአክ ለመምሰል ራሱን እንደሚለውጥ አንርሳ (2ኛ ቆሮ. 11፥14)። ቅዱስ ጳውሎስ እስከ ሦስተኛው ሰማይ የተነጠቀውን ሰው ነገር የጻፈው ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው፤ የጻፈውም ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር አድርጎ ነው፤ በዚያው ምዕራፍም ስለ ድካሙ ይመካል (2ኛ ቆሮ. 12)። በማግስቱ ወሬ የሚሆን ራእይ ከዚህ መንገድ የራቀ ነው።

እንግዲያስ ማደጋችንን በምን እንወቅ? በመሰላሉ ላይ አንብዕ ከንጻሬ መላእክት እንደሚቀድም፣ ፍቅርም ከተሰጥሞ በፊት እንደተቀመጠ እናስተውል። ከጸሎት በኋላ ለባልንጀራችን ብንራራ፣ የተቀየምነውን ይቅር ብንል፣ በሚዛን ባናታልል፣ በመከራ ቀን የተራበውን ብናስብ እያደግን ነው። ለሰዓታት ጸልየን ስንወጣ ግን ቤተሰባችንን የምንቆጣ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነን። ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ መሆን አያሳፍርም፤ ለመውጣት አለመሞከር ግን ያሳዝናል።

ገበያው ሲፈታ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልባችንም ቀኑን ሙሉ ሲሸጥና ሲለውጥ ውሎ ወደ ቤቱ፣ ወደ ፈጠረው አምላክ፣ መመለስ አለበት። ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን፣ አንዲት ጸሎት በማስተዋል በማድረስ እንጀምር። ብንወድቅ ነገ እንደገና እንጀምር፤ ትሏም ከጫፍ የደረሰችው በሰባተኛው ነው።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱስ ያሬድና የአቡነ አረጋዊ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።