መጽሐፉ ደረሰ፤ ማንበቡስ?

በሐዋሳ ከተማ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሐሳቡ በሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ይሠሩ የነበሩት የአቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነበር። ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ አይቶ ለማያውቅ ልጅ ጋሪው ትልቅ ነገር ነው።

መጽሐፍ እጁ ገብቶም ማንበብ የሚያቅተው ልጅ ግን አለ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ የአገሪቱ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ የተፈተኑት ውጤት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። ለዚህ በአብዛኛው የክፍል መጨናነቅና የመጽሐፍ እጥረት ምክንያት ናቸው። ችግሩ፣ ሁሉም በሚንገዳገድበት ክፍል ዲስሌክሲያ ያለበትን ልጅ ለይቶ የሚያየው መጥፋቱ ነው።

ዲስሌክሲያ የንግግርን ድምፆች ለይቶ ከፊደል ጋር የማገናኘት ችግር እንጂ የአእምሮ ድክመት አይደለም። ከመቶ ልጆች ከአምስት እስከ አሥሩ እንዳለባቸው ይገመታል። በቤተሰብም ይወረሳል፤ አባት «እኔም ልጅ ሆኜ ንባብ አይሆንልኝም ነበር» ካለ፣ ፍንጭ ሰጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ የሰማውን ተረት አሳምሮ ያወራል፤ «ተነሥና አንብብ» ሲባል ግን ያልበዋል። ጓደኞቹ ይስቃሉ፣ መምህሩ ሰነፍ ይሉታል፣ እሱም ያምናቸዋል።

የሐዋሳ ልጅ ደግሞ በሁለት ዓይነት ጽሕፈት ይማራል፦ አማርኛን በግዕዝ ፊደል፣ ሲዳሙ አፎንና እንግሊዝኛን በላቲን። የአማርኛው 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል። ሲዳሙ አፎ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን ደርቦ ያሳያል፤ አማርኛ አያሳይም። «ገና ደረሰ» እና «ገና አልደረሰም» ውስጥ ያለው «ገና» በጽሑፍ አንድ ነው። ፊደል ለመለየት ጉልበቱን የጨረሰ ልጅ የትኛው ጠብቆ የትኛው ላልቶ እንደሚነበብ የሚያስብበት አቅም አይተርፈውም።

እንዲህ ላለው ልጅ ጥሩ አስጠኚ የክፍሉን ትምህርት አይደግምለትም፤ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ያለ ፊደል «ሰላም»ን ሰ፣ ላ፣ ም እያሉ በጭብጨባ ይቆጥራሉ። ከዚያ ልጁ «ሰ» እያለ ትሪ ላይ በተነጠፈ አሸዋ በጣቱ ይጽፋል። ከ«ሰ» ጋር የሚምታታው «ለ» ለሌላ ቀን ይቆያል። ዓይን፣ ጆሮና እጅ አንድ ላይ የሚሠሩበት ይህ ዘዴ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኦርተንና ጊሊንግሃም የተባሉ ባለሙያዎች የዘረጉት ሥርዓት ነው።

ሁሉም እንግዳ ነገር አይደለም። በየኔታ ዘንድም ሀሁን በዜማ የሸመደደ ተማሪ አወቀ አይባልም፤ ቅደም ተከተሉን በሚያዛባው አቡጊዳ ያልፋል። የሚጎድለው ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ አለንጋውማ ምንም አልፈየደም።

በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ከማድከም በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይሻላል። ለድፍረቱ ደግሞ ነገ ክፍል ውስጥ የሚያነበውን አንቀጽ ዛሬ ከአስጠኚው ጋር ይለማመደው። ዲስሌክሲያ ድኖ የሚጠፋ ባይሆንም ትክክለኛ እርዳታ ያገኘ ልጅ ያነባል፤ ቀስ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ግን ያነባል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ፊደል ከተምታታበት መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ከዚያ መምህሩን አነጋግሩ። አስጠኚ ስትቀጥሩም «ስንት ገጽ ጨረሰ?» ሳይሆን «የትኛው ድምፅ ያስቸግረዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።