ስለ «ሞንቲ ፓይተን» ባልደረቦች መለያየትና ዳግመኛ መሰብሰብ



በቴሌቪዥን የሚቀርብ የቀልድ ጭውውት ዕድሜው አጭር መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ ያሣቀ ነገ ይደገማል፤ ከነገ ወዲያ ይሰለቻል፤ ከዚያም ይረሳል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር በስድስት ወጣቶች የተጀመረ አንድ ዝግጅት፣ በቴሌቪዥን የቈየው አምስት ዓመት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከእርሱ የበቀሉት ቅርንጫፎች ግን ከአርባ ዓመት በላይ ፍሬ ሲሰጡ ኖረዋል። በዛሬው ንግግሬ ለመግለጽ የማስበው፣ እነዚህ ሰዎች ከተለያዩ በኋላ ምን እንደ ሠሩ፣ ዳግመኛ ሲሰበሰቡስ ምን እንዳገኙና ምን እንዳጡ ነው። የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

«የሞንቲ ፓይተን በራሪ ሰርከስ» የተባለው ዝግጅት መጀመሪያ የታየው ኦክቶበር 5 ቀን 1969፣ እሑድ ማታ፣ አብዛኛው ሰው ወደ መኝታው በሚሄድበት ሰዓት፣ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ነበር። ባልደረቦቹም ግሬም ቻፕማን፣ ጆን ክሊዝ፣ ኤሪክ አይድል፣ ቴሪ ጆንስ፣ ማይክል ፔይሊንና ከአሜሪካ የመጡት ሠዓሊ ቴሪ ጊሊያም ናቸው። ከጊሊያም በቀር ሌሎቹ በካምብሪጅና በኦክስፎርድ የተማሩ ሲሆኑ፣ ቻፕማን ሕክምና፣ ክሊዝ ደግሞ ሕግ አጥንተው ነበር። ዝግጅቱ በ1974 መጨረሻ እስኪቋረጥ ድረስ 45 ጊዜ ቀረበ።

ከሌሎች ቀልደኞች የሚለያቸው ዋናው ነገር የሚናገሩትን ሁሉ ራሳቸው መጻፋቸው ነው። ክሊዝ ከቻፕማን ጋር፣ ፔይሊን ከጆንስ ጋር ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲጽፉ፣ አይድል ብቻቸውን ይጽፉ ነበር፤ ጊሊያምም በወረቀት ቈራጭና በሥዕል ጭውውቶቹን እርስ በርሳቸው ያያይዙ ነበር። ከዚያም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ጽሑፋቸውን ጮክ ብለው ያነቡታል፤ ያሣቀው ይቀራል፤ ያላሣቀው ይጣላል። በመካከላቸው አለቃ አልነበረም።

እንደ እኛ በመሥሪያ ቤት ወንበር ለሚውል ሰው ይልቁንም የሚታወሰው፣ በ1970 የታየው «የቂል አረማመድ ሚኒስቴር» የተባለው ጭውውት ነው። አንድ ረዥም ባለሥልጣን ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ እግራቸውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ እየሰቀሉ፣ አንድ ጊዜ እንደ ሰንበሌጥ እያጠፉ ወደ ቢሯቸው ይገባሉ። በዚያም የራሱን የቂል አረማመድ ለማሻሻል የመንግሥት ድጎማ የሚለምን ባለጉዳይ ይጠብቃቸዋል፤ እርሳቸውም የሚኒስቴሩ በጀት ማነሱን ፊታቸውን ሳይፈቱ ያስረዱታል። ይህን ባለሥልጣን ሆነው የሠሩት ሚስተር ክሊዝ ናቸው። የዚህን ሰው እግር አድማጮቼ በልባችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሚስተር ክሊዝ ሥራው መደጋገም ጀምሯል በማለት ከአራተኛው ዙር በፊት ከቴሌቪዥኑ ዝግጅት ወጡ። የቀሩት ስድስት ዝግጅት ብቻ ጨምረው አቆሙ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ በየፊናው ተሰማራ። ክሊዝ ከኮኒ ቡዝ ጋር ሆነው፣ እንግዳ መቀበል ስለሚያስጠላው አንድ የሆቴል ባለቤት «ፎልቲ ታወርስ» የተባለውን ድርሰት ጻፉ፤ መነሻውም ባልደረቦቹ በ1970 ባረፉበት በቶርኪ ከተማ ያዩት የሆቴል ባለቤት ነበር። በ1975 ስድስት፣ በ1979 ስድስት፣ በጠቅላላው 12 ዝግጅት ሠርተው ተዉት። አይድል የቢትልስን ታሪክ የሚያሾፍ «ሩትልስ» የተባለ የልብ ወለድ ሙዚቀኞች ቡድን ፈጥረው በ1978 ፊልም ሠሩበት። ጊሊያም «ብራዚል» የተባለውንና ሌሎችንም ታላላቅ ፊልሞች አዘጋጁ። ፔይሊን ደግሞ የዓለም ተጓዥ ሆነው፣ በ1991 ከሰሜን ዋልታ ወደ ደቡብ ዋልታ ሲጓዙ አገራችንን ኢትዮጵያን አቋርጠዋል፤ ጕዞውም በ1992 በቢቢሲ ታይቷል። ሌላው ቀርቶ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራበት «ፓይተን» የተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ስሙን ያገኘው ከእባቡ ሳይሆን ከእነዚህ ሰዎች ዝግጅት ነው።

ነገር ግን ተለያዩ ማለት ተጣሉ ማለት አልነበረም። በ1975 «ቅዱስ ጽዋ» የተባለውን ፊልም በአንድነት ሠሩ፤ ለፊልሙ ገንዘብ ካዋጡት መካከል ሌድ ዜፕሊንና ፒንክ ፍሎይድ የተባሉት ሙዚቀኞች ይገኙ ነበር፤ ገንዘቡም ለፈረስ ስላልበቃ፣ ባላባቶቹ በእግራቸው እየሮጡ አሽከሮቻቸው የኮኮነት ቅርፊት በማጋጨት የኮቴ ድምፅ ያሰሙላቸው ነበር። በ1979 የታየውን «የብራያን ሕይወት» የተባለውን ፊልም ሲጀምሩም ገንዘብ ሊሰጥ የነበረው ኩባንያ አይርላንድንና ኖርዌይን ለመሳሰሉት አገሮች ክልከላ ምክንያት የሆነውን የሃይማኖት ነቀፋ ፈርቶ ሲሸሽ፣ ከቢትልስ አንዱ የነበሩት ጆርጅ ሃሪሰን ወጪውን ሸፈኑላቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሥራ ባለቤትነት የተነሣውን ክርክር ማስረዳት ያስፈልጋል። በ1975 ኤ.ቢ.ሲ. የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድርጅት ሦስት ዝግጅቶቻቸውን አንድ ላይ አድርጎ ሲያሳይ፣ ከ90ው ደቂቃ 24ቱን ቈርጦ ጣለ። ባልደረቦቹም ከቢቢሲ ጋር የተፈራረሙት ውል፣ ያለ ፈቃዳቸው ከጥቃቅን ነገር በቀር ጽሑፋቸው እንዳይለወጥ የሚል ስለ ነበረ፣ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1976 የይግባኙ ፍርድ ቤት፣ የተቈራረጠ ሥራ በስማቸው ማሳየት ስማቸውን ማበላሸት ነው በማለት ለእነርሱ ወሰነ። ይህ ፍርድ ከዚያ ወዲህ በደራሲያን መብት ክርክር ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። በቀላሉ የተጻፈች አንዲት የውል አንቀጽ ሥራውን ከመቈራረጥ አዳነችው ማለት ይቻላል።

ኦክቶበር 4 ቀን 1989፣ የዝግጅቱ ሃያኛ ዓመት ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሚስተር ቻፕማን በካንሰር በሽታ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ስድስቱ በሙሉ ዳግመኛ ይሰበሰባሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ ቀረ። በ1998 በአሜሪካ በአስፐን ከተማ አምስቱ በአንድ መድረክ ሲገናኙ፣ የቻፕማን አመድ ነው የተባለ ማሰሮ ይዘው ወጡ፤ ከእነርሱም አንዱ በእግሩ መትቶ ገለበጠው፤ ሌሎቹም አመዱን ለመጥረግ ተሯሯጡ። በእኛ አገር ልማድ ይህ ነውር ሊመስል ይችላል። እነርሱ ግን ሟቹ ይሥቅበት እንደ ነበር የሚያውቁት ቀልድ ይሻላል ብለው፣ ወዳጃቸውን በለመደው ቋንቋ አስታወሱት።

የመጨረሻው ስብሰባ የመጣው በገንዘብ ምክንያት መሆኑን ራሳቸውም አልደበቁም። ሚስተር አይድል «ቅዱስ ጽዋ»ን ወደ ሙዚቃ ቴአትር ለውጠው በ2005 በኒው ዮርክ ሲያሳዩ ታላቅ ሽልማትና ብዙ ገቢ ተገኘ። ከፊልሙ አዘጋጆች አንዱም ከገቢው ከስድስቱ እንደ አንዱ እኩል ድርሻ ይገባኛል ብለው ከስሰው በ2013 ረቱ። የክርክሩ ወጪ ከባድ ስለ ሆነ አምስቱ ለአንድ ማታ በለንደን መድረክ ሊወጡ ተስማሙ። የዚያ ማታ ቲኬት በ43 ሰከንድ ተኩል ስላለቀ፣ ቍጥሩ ወደ 10 ማታ ከፍ አለ፤ የትርኢቱንም ስም «አንዱ ሄደ፤ አምስት ቀሩ» አሉት።

በሐምሌው ወር 2014 የታየው ትርኢት ከሞላ ጐደል የቀድሞው ነበር። ሕዝቡ ጭውውቱን በቃሉ ያውቀው ስለ ነበረ፣ ተዋናዩ ቃሉን ሲረሳ እንኳ ጭብጨባው ይበዛ ነበር። አሁን ወደዚያ ረዥም ባለሥልጣን እግር እመለሳለሁ። ሚስተር ክሊዝ ያን ጊዜ 74 ዓመት ሆኗቸው፣ ጕልበታቸውና ዳሌያቸው በሰው ሠራሽ ተተክቶ ስለ ነበረ፣ ያን አረማመድ ሊደግሙት አልቻሉም፤ በእርሳቸው ፈንታ ወጣት ዳንሰኞች በዘፈን አሳዩት። ሕዝቡ የከፈለው አዲስ ነገር ለማየት ሳይሆን፣ በወጣትነቱ ያሣቁትን ሰዎች ለመሰናበት ነበር። በመጨረሻውም ማታ፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ እንደሚደረገው፣ የሞንቲ ፓይተን ዘመን ከ1969 እስከ 2014 መሆኑ በሸራው ላይ ተጻፈ። ቴሪ ጆንስም ንግግር በሚነፍግ የአእምሮ ሕመም ከታመሙ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2020 ዐረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ማኅበር የሚጸናው ዘወትር አብሮ በመቀመጥ አይደለም፤ አባሉ ለብቻው ሠርቶ እንዲያድግ ሲፈቀድለት ነው። ሁለተኛ፣ በፍቅር የተጀመረ ሥራ በውል መታሰር አለበት፤ ውሉ ግልጽ በነበረበት ጊዜ በአሜሪካ ረቱ፤ የድርሻው ነገር ባከራከረበት ጊዜ ግን በእርጅናቸው ወደ መድረክ ተመለሱ። ሦስተኛም፣ በጊዜው ማቆምን ያወቀ ሰው ሲመለስ የሚቀበለው ያገኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የእያንዳንዱ ክር ጥንካሬ የሚታወቀው ለብቻው ሲሳብ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።