ያልተቈጠረ ደዌ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር መጽሔት በ1954 ዓ.ም. መታተም ጀምሮ በ2014 ዓ.ም. ስድሳ ዓመት የሞላው፥ የተሰወረውን ደዌ በጽሕፈት እየገለጠ ነው። ስለ ካንሰር ለመጻፍ የሚነሣ ሐኪም ግን አስቀድሞ ቍጥር ያስፈልገዋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2004 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የካንሰር መዝገብ የአዲስ አበባን ነዋሪ እንዲቈጥር የተመሠረተ ነው። ስለዚህ በዙሪያዋ ካሉት ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚመጣው ሕመምተኛ በዚያው ሆስፒታል ቢታከምም፥ መኖሪያው ከወሰኑ ውጭ ስለ ሆነ ከዚህ ቍጥር ይቀራል። የሰበታ እናት ሕመም ከመዲናይቱ እናት ሕመም አያንስም። እንግዲህ መዝገቡ እስከ እነዚህ አካባቢዎች እንዲደርስ ማድረግ ይገባል፤ ያልተቈጠረ አይጻፍም፥ ላልተጻፈውም የሚያስብለት አይገኝምና።