መጥኖ መደቆስ ለኤሌክትሪክም ይበጃል

በሬዲዮ የምትታዘዘው ትንሽ መኪና ለብዙ ሰው የልጅ መጫወቻ ብቻ መስላ ትታያለች። ነገር ግን የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. የፖርሽ 934ን አምሳል፣ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው አድርጎ ለገበያ ካወጣ ወዲህ፣ ይህች መጫወቻ ለብዙ ወጣቶች የሞተርንና የኤሌክትሪክን ነገር በእጅ የምታስተምር ሆናለች። መኪናዋን ፈትቶ ለሚገጥም ሰው በጠረጴዛው ላይ ባትሪ መሙያ፣ ሽቦ መበየጃ፣ ማራገቢያና መብራት ያስፈልጉታል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ የግድግዳውን 220 ቮልት የሚለውጥ ሣጥን በመካከል መኖር አለበት። ባለሙያዎች ፓወር ሰፕላይ የሚሉት ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህን ሣጥን ለመግዛት የሚወጣ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው፣ የራሱን ፍላጎት ሳይቆጥር በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር አይቶ ስለሚገዛ ነው።

በመጀመሪያ ቮልትንና አምፔርን መለየት ይገባል። ቮልቱ መሣሪያው ከሚፈልገው ጋር መስማማት አለበት፤ ለ12 ቮልት የተሠራ ማራገቢያ 24 ቮልት ቢሰጡት ይቃጠላል። አምፔሩ ግን ቢተርፍ አይጎዳም። ጋኑ ትልቅ ስለ ሆነ ጠጪው ከጥሙ በላይ እንደማይጠጣ ሁሉ፣ ማራገቢያውም ከ20 አምፔር ሣጥን የሚወስደው የሚበቃውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሒሳብ ነው። ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ይሆናል። ሁለት ክፍል ያለው የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት ይደርሳል፤ በ10 አምፔር ቢሞሉት 84 ዋት ነው። መሙያው ራሱ በሙቀት የሚያባክነው ሲታከልበት 100 ዋት ያህል እንበል። መበየጃው 60፣ ማራገቢያና መብራቱ 20 ዋት ቢወስዱ፣ ድምሩ 180 ይሆናል። ሣጥኑ ዘወትር በሙሉ አቅሙ እንዳይደክም ሩቡን ያህል ብንጨምር 225 ዋት፣ ማለት በ12 ቮልት 19 አምፔር ያህል ነው።

ይህም ቁጥር ሣጥኑ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ሊሆን ይገባል እንጂ ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት መሆን የለበትም። የመንግሥት ሠራተኛ የቤት ኪራዩን የሚተምነው በወር ደመወዙ እንጂ አንዳንድ ጊዜ በሚያገኘው የውሎ አበል አይደለም፤ የሣጥኑም ነገር እንዲሁ ነው።

ስለ ሽቦው ደግሞ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ከግድግዳው በኩል በ220 ቮልት የሚያልፈው ከአንድ አምፔር ብዙም የማይበልጥ ስለ ሆነ ቀጭን ገመድ ይበቃዋል። በ12 ቮልቱ በኩል ግን ያው ኃይል 19 አምፔር ሆኖ ያልፋል። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናልና፣ በዚህ በኩል ወፍራምና አጭር ሽቦ፣ ለሽቦውም የሚመጥን ፊውዝ ያስፈልጋል።

ከዚህም በላይ አንዳንድ ሣጥን 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አለው። በተለይም ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ከሆነ፣ የዚያ አገር ኮረንቲ 120 ቮልት ነውና፣ መቀየሪያው 230 ላይ መሆኑ ሳይታይ በእኛ ሶኬት ላይ የተሰካ እንደ ሆነ ወዲያው ይበላሻል። መቀየሪያ የሌለው ሣጥን ከሆነም 220 ቮልት የሚቀበል መሆኑን ከጽሑፉ ማንበብ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን ሣጥኑን እንደ ባትሪ መሙያ መቁጠር ነው። ከላይ ያልነው የሊቲየም ባትሪ ከ8.4 ቮልት ማለፍ የለበትም፤ 12 ቮልት በቀጥታ ቢሰጡት ያብጣል፣ ሊነድም ይችላል። ልኩን አውቆ የሚያቆመው መሙያው ስለ ሆነ በመካከል ሊገባ ግድ ነው። በሚሞላበትም ጊዜ ባትሪውን በሸክላ ወይም በሲሚንቶ ላይ አኑሮ መጠበቅ እንጂ ትቶ መተኛት አይገባም።

ስለዚህ ወጣቱ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት አንድ ወረቀትና እርሳስ ይያዝ፤ የመሣሪያዎቹን ቮልትና ዋት ከየጀርባቸው አንብቦ ይደምር። ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ የወር ደመወዙን ከብክነት፣ ቤቱንም ከእሳት ያድንለታል።