የሴሊያክ ሕሙማንና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት

ሴሊያክ በስንዴ፣ በገብስና በመሳሰሉት እህሎች ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት በማነሣሣት የትንሹን አንጀት ግድግዳ የሚያስጎዳበት፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሕመም ነው። ሄፓታይተስ ቢ በአንጻሩ በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች እንዲሁም በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቫይረስ ሲሆን፣ ሥር ሲሰድ ለጉበት ካንሰር ሊዳርግ ይችላል።

በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በፔንታቫለንት ክትባት ውስጥ ተካትቶ ለሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ዕድሜያቸው ይሰጣል። ይሁን እንጂ ክትባቱን መውሰድና ከበሽታው መጠበቅ ለሴሊያክ ሕሙማን ሁልጊዜ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በታች ከሆኑ ጤነኛ ጎልማሶች መካከል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሦስቱን ዙር ሲያጠናቅቁ በቂ ፀረ እንግዳ አካል ያመነጫሉ። በሴሊያክ ሕሙማን ዘንድ ግን ይህ ምላሽ ዝቅ ብሎ ይታያል። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው፣ በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ የሚገኘው ኤችኤልኤ-ዲኪው2 የተባለው የዘር ውርስ ባሕርይ ለክትባቱ ከሚሰጥ ደካማ ምላሽ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በክትባቱ ጊዜ ሕመምተኛው ግሉተን መመገቡን ያላቋረጠና ሕመሙ ያልተረጋጋ መሆኑ ነው። የዘር ውርስን መለወጥ ባይቻልም አመጋገብን ማስተካከል ይቻላል፤ ከግሉተን ነፃ የሆነ አመጋገብ በሚከተሉ ሕሙማን ላይ ክትባቱ ሲደገም የተሻለ ምላሽ ተገኝቷል።

ስለሆነም የሚከተሉትን ተግባራዊ ማድረግ ይመከራል፦

• የክትባት ታሪክንና የመጨረሻው ዙር የተሰጠበትን ቀን ለጤና ባለሙያ ማሳወቅ።

• የመጨረሻው ዙር ከተሰጠ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ማድረግ። በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒትና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት መከላከያ መገኘቱን ያሳያል።

• ክትባቱ ከተሰጠ ዓመታት ካለፉ፣ የመጠኑ መቀነስ ብቻውን መከላከያ ጠፍቷል አያሰኝም። በዚህ ጊዜ ባለሙያው አንድ ተጨማሪ ዙር ሰጥቶ ምርመራውን ይደግማል፤ መጠኑ አሁንም ዝቅተኛ ከሆነ ቀሪዎቹን ዙሮች ያሟላል።

• ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ከግሉተን ነፃ ነው። ሆኖም ዱቄቱ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር አለመቀላቀሉን፣ በወፍጮ ቤትም አለመነካካቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በወረርሽኝ ወቅት ወደ ጤና ተቋም መሄድን በመፍራት ክትባታቸውን ያቋረጡ ሰዎች ከመጀመሪያው ዙር እንደገና መጀመር አይጠበቅባቸውም፤ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ የሌለበት በመሆኑ በሽታውን አያስይዝም። የሴሊያክ ሕመምም ክትባቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ይልቁንም ውጤቱን በምርመራ ለማረጋገጥ ምክንያት ነው።